ግፊቱ ነው ወይስ ንፋሱ? የሦስት ባልደረቦች የዝዋይ ማስታወሻ

አርብ ከሰዓት ቢሯችን ውስጥ ስራ ቀዝቀዝ ይላል። ቸርችል ጎዳና ላይ ነን፣ አራተኛ ፎቅ። የክፍላችን መስኮት ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ ያያል። ከምሳ በኋላ ሦስታችን ተራ በተራ እየተነሳን በመስኮቱ እንመለከታለን። እንጦጦ ከጠቆረ ጉዞው ቀረ። ከጠራ ደግሞ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ዋናው ፖስታ ቤት ፊት ለፊት ተገናኝተን መንጠቆና ትላችንን ይዘን ወደ ዝዋይ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ የቅዳሜ አሳ ማጥመዳችንን የወሰነልን ይህ መስኮት ነበር። ዛሬ የምጽፈው መስኮቱን እንዴት እንደተውነው ነው። ብዙ ሰው አሳ ማጥመድ ሲነሳ “የአየሩ ጠባይ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል ወይ?” ብሎ ይጠይቀኛል። ያመጣል። ግን እኛ ለውጥ ያመጣል ብለን የምንከታተለው ነገርና ለውጡን የሚያመጣው ነገር ለየቅል ነበሩ። ይህን ለማወቅ አንድ ክረምትና አንድ የተጨማደደ ደብተር ፈጅቶብናል።

መጀመሪያ ሰዎቹን ላስተዋውቅ። ጋሼ ሂሳብ ክፍል ናቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ነው የቀራቸው። ያደጉት መቂ ነው፣ በልጅነታቸው ሐይቁ ዳር ከብት ጠብቀዋል። ልጁ የምንለው የኮምፒውተር ባለሙያችን ነው። ሠላሳ አልሞላውም፤ ማንኛውንም ነገር በቁጥር ካላየ አያምንም። ሦስተኛው እኔ ነኝ። አራተኛም ሰው አሉ፣ አሳ አጥምደው አያውቁም፣ ግን ያለ እሳቸው ይህ ጉዳይ አይፈታም ነበር። ከፖስታ ቤቱ ጀርባ አሳ የሚጠብሱት እትዬ ናቸው። ድሮ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነበሩ፤ ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ወደዚህ ወረዱ። ጥብሱም ጉላሹም አብሯቸው ወረደ፣ እኛም ተከተልን።

ነገሩ የተጀመረው ግንቦት ላይ ነው። አርብ ዕለት እንጦጦ ድቅድቅ ብሎ ጠቆረ። ከሰዓት በረዶ ቀላቅሎ ዘነበ፣ ቸርችል ጎዳና ጎርፍ ሆነ። ጉዞውን ሰረዝነው። ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ጋር ስንገባ ትሪው በቆሮሶ ተሞልቷል። ወፋፍራም፣ ዓይናቸው ጥርት ያለ። እትዬ አንዱን አንስተው የመተንፈሻውን ክዳን በአውራ ጣታቸው ገለጥ አደረጉና አሳዩን። ውስጡ እንደ በርበሬ ቀይ ነው። የማታ አሳ እንዲህ አይቀላም።

“ከየት ነው እትዬ?”

“ከዝዋይ ነዋ! ሌሊት ጸጥ ብሎ ነው ያደረው አሉ። እናንተ ምነው ቀራችሁ?”

“ዝናብ ነበረ እኮ።”

“ዝናቡ እዚህ ነው ልጆቼ።”

ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የጉዳዩ ግማሽ ናት። ዝዋይ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የሐይቁ የውሃ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ ነው፤ እኛ ቢሮ ከተቀመጥንበት ከ700 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዘንብላት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለው የዝዋይ አካባቢ 700 ገደማ ነው የሚያገኘው። እንጦጦ ላይ የተጠራቀመ ደመና እንጦጦን ነው የሚያርሰው። እኛ ግን ከ160 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ የሌላ አገር ሰማይ እያየን ነበር የምንፈርደው።

በሳምንቱ እንጦጦ ጠራ። ሄድን። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በመቂ በኩል ካለው ዳር ደረስን። ሰማዩ አንድ ጠብታ ደመና የለውም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዳር ዳሩን ተኮልኩለው የአሳ አንጀት ይጠብቃሉ። ጀልባ ተከራየን፤ ሞተር የለውም፣ በመቅዘፊያ ነው። ለመጀመሪያ ሁለት ሰዓት ተኩል ጥሩ ያዝን። ወደ 5 ሰዓት ገደማ ንፋሱ ተነሳ። መጀመሪያ ዳሩ ላይ የበቀለው ፊላ ሲንሾካሾክ ሰማን። ከዚያ ውሃው ነጭ ነጭ ማለት ጀመረ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ማዕበሉ የጀልባውን ጠርዝ አልፎ እግራችን ስር ገባ። ልጁ በጆግ እየቀዳ ወደ ውጭ ይደፋል፣ እኔና ጋሼ እንቀዝፋለን። ወደ ፊላው ጠጋ እንዳንል ጋሼ “ጉማሬ አለ፣ እዚያ አትጠጉ!” ይላሉ። ዳር ስንደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ዳር ቆመን እስከ 10 ሰዓት ሞከርን። አንድም አልነካም።

ያን ቀን የቸርችል ጎዳና ሰማይ ብራ ነበር። በእኛ መለኪያ ምርጥ የአየር ጠባይ ማለት ነው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጋሼና ልጁ ተጨቃጨቁ። ልጁ ስልኩን አወጣ። የአየር ሁኔታ የሚያሳይ አፕሊኬሽን አለው፤ የአየር ግፊቱን በመስመር ይስላል። “ጋሼ፣ ይዩት። ጠዋት ግፊቱ ላይ ነበር፣ ያዝን። ከ4 ሰዓት በኋላ መውረድ ጀመረ፣ አሳው ዘጋ። የውጭ አጥማጆች ሁሉም የሚሉት ይሄንን ነው፤ ግፊት ሲወርድ አሳ አይበላም።” ጋሼ አልተቀበሉም። “አንተ ልጅ፣ አሳው ስልክ የለውም። የዘጋው ንፋሱ ነው።”

ሁለቱም በራሳቸው እርግጠኛ ነበሩ። እኔ ያን ጊዜ ልቤ ወደ ልጁ ያደላ ነበር፤ ቁጥር አለው። የተስማማነው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ከእንግዲህ እንጽፋለን።

ደብተሩን የገዛሁት እኔ ነኝ። ባለ 50 ሉክ ተራ የተማሪ ደብተር። በየገጹ ሰዓቱን፣ ንፋሱን፣ የውሃውን ጥራት፣ ግፊቱንና የያዝነውን እንጽፋለን። ግፊቱን ልጁ ከስልኩ ያነባል። ለንፋሱ ጋሼ ዘዴ አመጡ፤ ከጥቁር ፌስታል አንድ ጣት የሚያህል ቀዶ የዘንጉ ጫፍ ላይ ማሰር። ፌስታሉ ከተንጠለጠለ “ጸጥ”፣ ከተወዛወዘ “ቀላል”፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ “ኃይለኛ” ብለን እንጽፋለን። የውሃውን ጥራት የምንለካው ደግሞ በነጭ የቡና ስኒ ነው። ስኒውን እጀታው ላይ በናይለን ክር አስረን፣ ክሩን በየስንዝሩ ቋጥረን ቀስ እያልን እናወርደዋለን። ነጩ ከዓይናችን ሲጠፋ ስንት ቋጠሮ እንደገባ እንቆጥራለን። በደህና ቀን ጠዋት አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ይታያል። ንፋስ ካለበት ከሰዓት ግን ገና ከመዳፍ ባነሰ ጥልቀት ስኒው ይጠፋል። ሳየው ሁሌ ይገርመኝ ነበር፤ ጠዋት ቡና የጠጣሁበት ስኒ እጄ ስር ሆኖ አላየውም።

ምክንያቱ የሐይቁ ቅርጽ ነው። ዝዋይ ሰፊ ነው፣ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። ጥልቀቱ ግን በአማካይ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ወደ 9 ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ላይ ንፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ወለሉን ይነካል። ጭቃው ይነሳል፣ ውሃው እንደ ሻይ በወተት ይሆናል። ቆሮሶ ቀን የሚመገብ አሳ ነው፣ ዓይኑን ይጠቀማል። የእኛን ትል ካላየው አይመጣም።

ግን እዚህ ላይ አንድ የማይገጥም ነገር ነበር። ሐምሌ ላይ ለሁለት ተከታታይ ቅዳሜ ባዶ እጃችንን ተመለስን። ውሃው ቡናማ ነው፣ ስኒው ገና ሲነከር ይጠፋል። ንፋስ ግን አልነበረም። ሐይቁ ዳርም ደህና ዝናብ አልዘነበም ነበር። ጋሼ ወደ መቂ ወንዝ አፍ አሻቅበው አዩና “ጉራጌ ላይ ዘንቧል” አሉ። መቂ የሚነሳው ከጉራጌ ተራሮች ነው። ሌላው የሐይቁ መጋቢ ከታር ከአርሲ ተራሮች ይመጣል። እዚያ የወረደ ዝናብ አፈሩን ይዞ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ቆመን የምናየው ሰማይም ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። እኛን የሚመለከተን ዝናብ የዘነበው ከኋላችን፣ ተራራው ላይ ነው።

የማይገጥመው ይህ አይደለም። የማይገጥመው እትዬ ጋር የጠበቀን ነው። በዚያው ሰሞን ትሪያቸው ጢም ብሎ ሞልቷል። እኛ አንድ ያላገኘንበት ሐይቅ እንዴት ለእሳቸው ይህን ሁሉ ይሰጣል? ልጁ ደብተሩን ዘርግቶ ቁጭ አለ። ጉላሹ ቀዘቀዘበት። እትዬ ምን እንደሆነ ጠየቁትና ነገራቸው።

“እናንተ በምንድን ነው የምትይዙት?”

“በመንጠቆ።”

“የእኔ ሰዎች በመረብ ነዋ። መረቡን ማታ ይጥሉታል፣ ሌሊቱን ያድራል፣ ሲነጋ ያወጡታል። ውሃው ሲደፈርስ አሳው መረቡን አያየውም። እኔ የምፈራው የሌሊት ንፋስ ነው። ሌሊት ንፋስ ካለ መረቡ ከሳር ጋር ይተበተባል፣ ጀልባው አይወጣም፣ እኔም ጠዋት ድስቴን ይዤ ቁጭ።”

እኛና እትዬ ስለ አንድ ሐይቅ፣ ስለ አንድ ሌሊት እያወራን የተገላቢጦሽ ነበርን። ለመንጠቆ መጥፎ የሆነው ውሃ ለመረብ ጥሩ ነው። እኔ በግሌ ከዚህ ጉዳይ ብዙ የተማርኩት እዚህ ላይ ነው። “ጥሩ የማጥመጃ አየር” የሚባል ነገር ብቻውን የለም። በምን ነው የምትይዘው? የትኛውን አሳ? ይህ ካልተመለሰ ስለ አየሩ ማውራት ከንቱ ነው።

ጋሼ ይህን ሰምተው በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ነገር አመጡ። ውሃው አሁንም ቡናማ ነበር። “ዛሬ ቆሮሶን እንተወው፣ አምባዛ እንሞክር” አሉ። አምባዛ አፉ ዙሪያ ረጃጅም ጢሞች አሉት፤ በእነሱ እየዳሰሰና እየቀመሰ ነው ምግቡን የሚያገኘው። ጨለማም ድፍርስም አይገድበውም። ኦክስጅን ያነሰበት ውሃ ውስጥ እንኳ ወደ ላይ ብቅ ብሎ ከአየር መተንፈስ ይችላል። ከእትዬ ያመጣነውን የዶሮ አንጀት መንጠቆው ላይ ሰክተን ወደ ታች ለቀቅነው። ከጠዋት ይልቅ ወደ ማምሻው ላይ ሦስት አምባዛ አወጣን። ትልቁ የልጁን ክንድ ያክላል። ደብተሩ ላይ የዚያ ቀን ገጽ እስካሁን ያዳልጣል፣ ሽታውም አልለቀቀም።

ግፊቱስ? ልጁ አልተወውም። ነሐሴ ሲያልቅ ደብተሩን ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጦ አመጣው። እውነቱን ለመናገር ቁጥሩ ከእሱ ጋር ነበር። ግፊቱ ከፍ ባለበት ሰዓት ብዙ ይዘናል፣ በወረደበት ሰዓት ጥቂት። በየሳምንቱ ማለት ይቻላል። ጋሼ አንብበው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ነገር ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ የግፊቱ መስመር በሁሉም ቅዳሜ አንድ ዓይነት ነው። ዝናብ ቢኖር፣ ባይኖር፣ ያው ነው።

ያን ሰሞን ማታ ማታ ስለ ግፊት አነበብኩ። የአየር ግፊት ማለት በላያችን ያለው አየር ክብደት ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ትልልቅ የዝናብና የማዕበል ስርዓቶች ሲያልፉ ግፊቱ በአንድ ቀን በ10 እና በ20 ሚሊባር (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሊወርድ ይችላል። የዚያ አገር አጥማጆች ግፊትን የሚከታተሉት ለዚህ ነው፤ ግፊት ሲወርድ ደመናው፣ ንፋሱ፣ ዝናቡ አብሮ ይመጣል። እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። እኛ ጋር ግፊቱ በየቀኑ እንደ ሰዓት ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። ፀሐይ ከባቢ አየሩን ከማሞቋ የሚመጣ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። ማታና ሌሊትም እንደዚያው ይደግማል። የለውጡ መጠን ጥቂት ሚሊባር ብቻ ነው።

አሳው ይህን ይሰማዋል ወይ? ውሃ ውስጥ 1 ሜትር ሲወረድ ግፊቱ ወደ 98 ሚሊባር ይጨምራል። ስለዚህ ቆሮሶ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ወደ 10 ሚሊባር ተቀየረበት። ጭራውን አንዴ ወዝወዝ ሲያደርግ የሚያገኘው ለውጥ፣ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ከሚያመጣበት ይበልጣል።

ይህን ለልጁ ስነግረው ተከፋ። ግን ወዲያው ነገሩ ገባው፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ነው ጥርት አድርጎ የተናገረው። “ግፊቱ የሚወርድበት ሰዓትና ንፋሱ የሚነሳበት ሰዓት አንድ ነው” አለ። ከ4 እስከ 10 ሰዓት። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ንፋስ ከሐይቁ ወደ ዳር ይነፍሳል። ግፊቱም በዚያው ሰዓት ይወርዳል። ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ደብተሩ ሊለያቸው አይችልም። ደብተሩ አልዋሸም፤ ግን ማን ማንን እንዳመጣ አይናገርም።

የሚለያቸው አንድ ቀን ነው የሚያስፈልገን፤ ግፊቱ እንደ ወትሮው የሚወርድበት፣ ንፋሱ ግን የማይነሳበት ከሰዓት። እንዲህ ያለ ቀን በትዕዛዝ አይመጣም። ጠበቅን።

መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ መጣ። ስንደርስ ሐይቁ እንደ መስታወት ነው፣ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር በስስ ደመና ተሸፍኗል። ፀሐይዋ ነጭ ነጥብ ሆና ትታያለች እንጂ አትሞቅም። 5 ሰዓት ሆነ። ሦስታችንም ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለውን ፌስታል እናያለን። አልተነቃነቀም። 6 ሰዓት፣ ያው። 7 ሰዓት ላይ ስኒውን አወረድነው፤ እንደ ጠዋቱ አንድ ስንዝር ተኩል። ልጁ ስልኩን አየ። ግፊቱ እንደ ልማዱ እየወረደ ነው።

አሳው ግን እየበላ ነበር። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ያወጣነው ከጠዋቱ አያንስም። ክሩ ላይ የታሰረው ቡሽ ትንሽ ይንቀጠቀጥና ስምጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ያንን ከዚያ በፊት አይተን አናውቅም። ልጁ አምስተኛውን ሲያወጣ ለጋሼ ሰጣቸውና “ይሄ የእርስዎ ነው” አላቸው። ጋሼ ምንም አላሉም፣ ጭንቅላቱን ዳበስ አደረጉት።

አንድ ቀን ነው፤ ለብቻው ብዙ አይሸከምም። ከዚያ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር የተገላቢጦሹን አየን። ገና በጠዋቱ፣ ግፊቱ እየወጣ ባለበት ሰዓት ንፋስ የተነሳባቸው ቀናት ነበሩ። እነዚያ ጠዋቶች ባዶ ናቸው። ደብተሩን ስገልጥ ፌስታሉ “ኃይለኛ” በተባለበት ረድፍ ላይ፣ ግፊቱ ምንም ይሁን ምን፣ የያዝነው ቦታ ላይ ሰረዝ ነው ያለው።

አሁን የምንሄደው በሌላ መንገድ ነው። የመስኮቱን መጋረጃ ዘግተነዋል ማለት ይቻላል። አርብ ከሰዓት ጋሼ መቂ ለሚኖር የወንድማቸው ልጅ ይደውላሉ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቁት፤ ወንዙ ምን ቀለም አለው፣ ትናንት ከሰዓት ንፋሱ ስንት ሰዓት ላይ ተነሳ። ከተማ ስንወጣ ዝናብ እየዘነበ ከሆነም እንወጣለን። ሐይቁ ላይ ቢበዛ እስከ 5 ሰዓት ነው የምንቆየው፤ ፌስታሉ ቀጥ ካለ ሰዓቱን አንጠብቅም፣ ወዲያው ወደ ዳር ነው። የግንቦቷን ጀልባ ማናችንም አልረሳንም። ነጎድጓድ ከተሰማ ደግሞ አሳው ቢበላም ባይበላም ዘንጉን አጣጥፈን መኪና ውስጥ እንገባለን። ሜዳ በሆነ ውሃ ላይ ረጅም ዘንግ ይዞ የቆመ ሰው ለመብረቅ የቀረበ ነው።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ደብተሩን እንድናሳያቸው ጠየቁን። ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረጉና “የሌሊቱ የታለ?” አሉ። የሌሊቱን ጽፈን አናውቅም። እሳቸው በየጠዋቱ አሳ የሚያመጣላቸውን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት ሌሊቱ እንዴት እንዳደረ ነው፤ ስንት ሰዓት ላይ ንፋስ እንደተነሳ፣ መረቡ እንደተተበተበ፣ ስንት ኪሎ እንደወጣ። ልጁ ከቦርሳው አዲስ ደብተር አወጣ። መስመር አሰመረላቸው። እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና የመጀመሪያውን ረድፍ ራሳቸው ጻፉት፤ “ማክሰኞ። ጸጥ ብሎ አደረ። 18 ኪሎ።”